በአያቴ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተገኙ ሳንቲሞች፦ የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ

የቦርከናው
ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ ነኝ። አያቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ሰሞኑን ጓዳ ስናጸዳ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተገኘ። ውስጡ አሥራ አራት ክብ ክብ ነገር አለ። አሥሩ ቢጫ ናቸው። በአንድ ወገን በእንግሊዝኛ «ኤን ሲ ኦ ኦፕን ሜስ»፣ በሌላው «ጉድ ፎር 25 ሴንትስ ኢን ትሬድ» ይላሉ። የአገር ስም የለም፣ ዓመት የለም። ሁለቱ ተመሳሳይ ጽሑፍ ያላቸው ቀላል አልሙኒየም ናቸው። አንዱ ወፍራም፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው፤ አጎቴ ላይቤሪያ ለሰላም ማስከበር ዘምቶ ስለነበር የሱ ይመስለኛል። የመጨረሻው ማንጠልጠያ ያለው ትልቅ የብር ነገር ነው።

አያቴ በወጣትነቱ አሥመራ፣ ቃኘው በሚባለው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር፣ ክለብ ውስጥ አስተናጋጅ ነበር። ደሴ ወስጄ ለአንድ ነጋዴ ባሳየው «በኪሎ ልውሰድልህ» አለኝ። ሌላው «አጽድተህ አምጣ» አለ። አንዱን በሎሚና በአመድ ፈትጌው እንደ አዲስ አበራ። ሌሎቹንም ልፈትግ ወይ? ዋጋስ አላቸው?

ሳንቲም ለቃሚ
ወንድሜ፣ እጅህን ሰብስብ! ሎሚውን ለሻይህ አድርገው። ያበራው ነገር ቆዳው ተገፎ ነው። ሰብሳቢ ያንን የደበዘዘ ቡናማ መልክ ነው የሚፈልገው። የተፈተገ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል፣ መልሰህም አታስረጀውም።

ቢጫዎቹ ገንዘብ አይደሉም። ቶክን ይባላሉ። የአሜሪካ ጦር ክለቦች የራሳቸውን ያስቀርጹ ነበር። «ጉድ ፎር» ያለው እዚያው ክለብ ውስጥ የ25 ሳንቲም ዕቃ ይገዛልሃል ለማለት ነው። ከበሩ ውጭ ግን ቆርኪ ነው። «ኤን ሲ ኦ ኦፕን ሜስ» ከመኮንን በታች ያሉ ባለማዕረጎች ክለብ ማለት ነው፤ መኮንኖቹ ለብቻቸው ሌላ ክለብ ነበራቸው። የቁማር ማሽን የሚበላቸው ቶክኖችም ነበሩ። የምድር ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1972 ማሽኖቹን ከውጭ አገር ክለቦቹ አወጣ። ነገሩ በዚያ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አፍጋኒስታን ለነበሩት ሳንቲም ጭኖ መላክ ስለከበደ የጦሩ ሱቅ በካርቶን የታተመ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲም ይሰጥ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው። የቦታ ስም የሌላትን ቶክን ፈረንጆቹ «ማቭሪክ» ይሏታል፣ ምልክት ያልተተኮሰባት ከብት እንደማለት። የማን እንደሆነች ከራሷ ላይ አታነብም። ያንተዎቹ ግን እረኛ አላቸው፤ አያትህ ናቸው። ቃኘው ውስጥ በየትኛው ክለብ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት ሠሩ? ፎቶ ወይም የሥራ መታወቂያ አለ? ሰፈሩን አሜሪካኖች የያዙት እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ የተዘጋው በ1977፣ በኛ 1969 ነው። በዚህ መሀል የት እንደነበሩ የሚያሳይ አንድ ወረቀት ከናሱ ይበልጣል።

ዋጋ ለማወቅ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን እይ። ብዙዎቹ ጥቂት ዶላር ነው የሚያወጡት፤ ቤት አትሠራበትም። በኪሎ ግን አትስጥ።

ጉም በላይ
ሽጠህ በግ ግዛበት ባክህ። ናስ ናስ ነው።

ሳንቲም ለቃሚ
@ጉም በላይ በጉ ነገ ይበላል፣ ቶክኑ ይቀራል 😄

ጡረተኛው
ልጄ፣ ሰማያዊው ቻሌንጅ ኮይን ነው። ገበያ ላይ አይውልም። አዛዥ ወታደሩን ሊያመሰግን ሲፈልግ መዳፉ ውስጥ ይዞ ይጨብጠዋል፤ እጅህን ስትመልስ ሳንቲሙ አንተ ጋ ነው። እኔንም አንድ ጊዜ እንዲሁ ደርሶኛል፣ ሠላሳ ሰው ፊት ላቤ መጣ። አሜሪካኖቹ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ሁሉም የራሱን ያወጣል፤ ያልያዘ ለሁሉም መጠጥ ይገዛል። ኪሳቸውን ሳይፈትሹ ከቤት አይወጡም።

ጠርዙ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት እንዳለ እይ። ዛሬ ማንም ፋብሪካ ያሠራዋል፤ ስለዚህ ከማን እጅ እንደመጣ ነው የሚጠየቀው። አጎትህ በሕይወት ካለ ሳትጠይቀው አትሽጥ። የጨበጠውን ሰው ስም አይረሳውም።

የባቲ ልጅ
መርሃባ! ያ ትልቁ ላይ ደረቷ ሞላ ያለ ሴትዮ ካለች፣ ጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር ከሆነ፣ ማርትሬዛ ነው፤ ድሮ አገራችን ይገበያዩበት የነበረው የኦስትሪያ ብር። ሰኞ ባቲ ብትወርድ ሽማግሌዎቹ ከሩቅ ያውቁታል። 1780 የሚለው አያታልልህ፤ ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲያትሙት ኖረዋል። ብር አንጥረኛ ጋ አስመዝነው። 28 ግራም ከምናምን መሆን አለበት፤ የተበየደ ማንጠልጠያ ካለው ትንሽ ይጨምራል። በጣም ከቀለለ ተወው። ብሩም ንጹሕ አይደለም፣ ከሺህ 833 እጅ ነው። ማግኔት ከያዘው ደግሞ ወላሂ ብረት ነው።

እታለም ዘወልድያ
አቀማመጡን ማንም አልነገረህም። በለስላሳ ፕላስቲክ እንዳታደርጋቸው። እኔ በፎቶ አልበም ኪስ አስቀምጬ በዓመቱ አረንጓዴ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር አወጡ። ለየብቻ በትንንሽ ወረቀት ፖስታ አድርግ። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ያለችው «አትብሉ» የምትለዋ ከረጢት አለች አይደል? እሷን አብረህ ጣል፣ እርጥበት ትጠጣለች። ጽሑፉ የጠፋውን ወረቀት አልብሰህ በእርሳስ ቀስ ብለህ አጥቁረው፤ ፊደሉ ይወጣል። የስልክህን መብራትም ከጎን አብራበት እንጂ ከላይ አይሁን።

የቦርከናው
አላህ ይስጣችሁ። ጋሼ፣ አጎቴን ደወልኩለት። «ሳንቲሜ!» ብሎ ጮኸ፣ ቆርቆሮው ውስጥ የከተተው እሱ ራሱ ነው። ይመለስለታል።

ሴት አያቴንም ጠየቅኳት። ቢጫዎቹ የወታደሮቹ ጉርሻ ናቸው አለችኝ። ማታ ማታ ክለቡ ባንኮኒ ላይ ይመነዝራቸው ነበር። ሰፈሩ ሲዘጋ የሚመነዝርለት ጠፋና ይዟቸው ኮምቦልቻ ገባ። የሥራ መታወቂያው ከቁርጥራጭ ፎቶ ጋር ሳጥኗ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ታወጣልኛለች።

ማርትሬዛውን ስታይ ግን ዓይኗ ቀላ። «እሱን ማን ቆርቆሮ ውስጥ ከተተው? ከአንገቴ ጠፋ ብዬ ስንት ዓመት ፈለግሁ!» አለችና ነጠቀችኝ። አሁን አንገቷ ላይ ነው።