የድርሰት አሰልጣኝ ወይስ አርታኢ? ረቂቄን ያነበበው ሰው ጥያቄ ብቻ ጽፎ መለሰልኝ

ቡናቁርስ (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። ልቦለድ ጽፌ ጨርሻለሁ። በኤ4 ወደ 280 ገጽ ይሆናል። ታሪኩ ጉለሌ ውስጥ ከ1966 እስከ 1971 ዓ.ም. ያለው ነው። አንዲት እናት ጓሮ ያሉትን ሁለት ቤቶች አከራይታ ልጆቿን ታሳድጋለች። ከዚያ ትርፍ ቤት ይወረሳል። ቀሪው የእሷና የልጆቿ ኑሮ ነው።

ለጓደኞቼ አስነበብኩ። ሁሉም «አሪፍ ነው፣ አሳትሚው» አሉ። አንዷ ብቻ «መሃል ላይ ትንሽ ደከመኝ» ካለች በኋላ ወዲያው «ግን እኔም ስራ በዝቶብኝ ነው» ብላ አለሳለሰችው። ይሉኝታ ይዟት መሆኑ ገብቶኛል።

አሁን አንድ የድርሰት አሰልጣኝ አግኝቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎችና ከመሃል ጥቂት ገጾች በነጻ አንብቦ መልሶልኛል። አራት ወር አብረን እንድንሰራ፣ በወር ሁለት ጊዜ እንድንገናኝና ክፍያው ተከፋፍሎ እንዲሆን ነው ያቀረበው። ግራ ያጋባኝ ግን «አንድም ዓረፍተ ነገር አላስተካክልልሽም» ማለቱ ነው። የላከው ሁሉ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ አከራዩ ኪራይ ሊሰበስብ የሚመጣበት ቦታ ላይ «በ1970 ዓ.ም. የቤት ኪራይ የሚሰበስበው ማነው?» ብሎ ብቻ ጽፎ አለፈ። ሌላ ቦታ ደግሞ የ11 ዓመቱ ልጅ ቤቱ በተወረሰ ማግስት እንዲህ ይላል፦

«እናቴ ሆይ፣ የቤታችን መወረስ እጅግ አሳዝኖኛል፤ ነገር ግን ጊዜው ያመጣው ነውና መጽናት ይገባናል» ሲል ተናገረ።

እዚህ ጋ «ይህ ልጅ በዚህ ሰዓት የሚፈልገው ምንድን ነው?» ይላል። አለቀ።

ወንድሜ «ብር ከፍለሽ ራስሽ ልትሰሪ? አርታኢ ቅጠሪ፣ አስተካክሎ ይስጥሽ» ይለኛል። ሰውየው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች በሙሉ እንዳወጣ ይፈልጋል። ወደ 40 ገጽ ናቸው። ጽሑፌን ቢወስድብኝስ የሚል ስጋትም አለኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

አራት ነጥብ

እህቴ፣ እኔ በአርትኦት ስራ ነው የምተዳደረው። ወንድምሽ ያለው ስህተት አይደለም፤ ጊዜው ግን ገና ነው።

አራሚ የሚባለው ፊደልና ነጥብ ይለቅማል። የቱ «ሰ» የትኛው ቃል ላይ እንደሚገባ፣ አንዱ ገጽ ላይ «ጸሐይ» ሌላው ላይ «ፀሐይ» እንዳይሆን ያያል። አርታኢ ዓረፍተ ነገሩን ያቃናል፣ የተደገመውን ይቆርጣል፣ የተምታታውን ያስተካክላል። አሰልጣኝ ከሁለቱም ቀድሞ ነው የሚመጣው። ታሪኩ ቆሟል ወይ? ሰዎቹ ሰው ይመስላሉ ወይ? ይህን ነው ከአንቺ ጋር የሚያየው። ሊወጣ የሚችል ምዕራፍ እያለ ለአርታኢ መስጠት ሊፈርስ የታሰበ ግድግዳ ቀለም መቀባት ነው። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲመጣልኝ የምመልሰው ጊዜ አለ።

የኪራዩን ጥያቄ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሰውየው ስራውን እንደሚያውቅ የሚያሳየው እሱ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ሐምሌ 1967 ነው። ከዚያ በኋላ በእነዚያ ዓመታት የግል አከራይ የሚባል ነገር አልነበረም። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቤቶች የያዘው ቀበሌ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። ስለዚህ በ1970 አከራይ በር አያንኳኳም።

አርታኢ ቢሆን «አከራዩ» የሚለውን ሰርዞ «የቀበሌው ሰው» ብሎ ያልፍ ነበር። ስህተቱ ይታረማል፣ አንቺም አመስግነሽ ትቀጥያለሽ። ጥያቄው ግን ሌላ ነገር ያስጽፍሻል። ተከራዮቹ አሁን ለቀበሌ ነው የሚከፍሉት። ሴትየዋ ትናንት ኪራይ ትቀበላቸው የነበሩ ሰዎች ዛሬም እዚያው ጓሮዋ ውስጥ ናቸው። በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ። ጠዋት ሲያገኟት እንዴት ብለው ነው ሰላም የሚሏት? «እትዬ» ይሏታል ወይስ ቀርቷል? እኔ አንባቢ ብሆን ይህን ነው ማየት የምፈልገው። ረቂቅሽ ውስጥ ይህ ከሌለ ጓደኛሽ መሃል ላይ የደከማት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

የመገናኛ ልጅ

እኔ ትንሽ ልከራከር። ጥያቄ መጠየቅ ቀላል ነው እኮ። ዘንድሮ ቴሌግራም ላይ ሁለት ግጥም የለጠፈ ሁሉ «የድርሰት ኮች» ሆኗል። ሰውየው በየትኞቹ መጻሕፍት ላይ ሰርቷል? ጠይቂው። ከነገረሽ በኋላ መጻሕፍቱን አግኝተሽ የምስጋናውን ገጽ ግለጪ። የእኛ ሰው አርታኢውንና ያማከረውን እዚያ ሳያመሰግን አያልፍም። ስሙ ካለ ደራሲውን ፈልገሽ ደውዪ። «ጥሩ ሰው ነው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ሁሉም «በጣም» ነው የሚልሽ። «እሱ ካየው በኋላ ምን ለወጥክ?» በይ። አንድ ነገር ጠቅሶ መናገር ካቃተው እለፊው።

ሌላው፣ ብር ከማውጣትሽ በፊት በነጻ የሚገኘውን ተጠቀሚበት። ወመዘክር አዳራሽ የመጽሐፍ ውይይት ሲኖር ሂጂ። እዚያ ፊት ለፊት የሚናገሩ አንባቢዎች አታጪም። ሁለት ሦስቱን ተዋወቂና ምዕራፍ ስጫቸው። የማያውቅሽ ሰው ይሉኝታ የለበትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ከሜሪላንድ። እኔ በተቃራኒው መንገድ ሄጄ ስላየሁት ልናገር። አንድ ሰው ቀጥሬ ረቂቄን እንዳለ አስተካክሎ መለሰልኝ። ቋንቋው ያምራል፣ ምንም አይወጣለትም። ታላቅ እህቴ አነበበችውና «ይሄ ማነው የጻፈው?» አለችኝ። የእኛ ቤት አክስት ሬዲዮ ላይ እንዳለች ጋዜጠኛ ታወራለች። የቱን እንደቀየረ እንኳ ማወቅ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም በላዩ ላይ ነበር የጻፈው።

ስለዚህ ከማንም ጋር ብትሰሪ አንድ ነገር አጥብቀሽ ያዢ። ማንም ሰው በጽሑፍሽ ላይ እንዳይጽፍ። ዎርድ ላይ ኮሜንት ዳር ዳሩን ይስጥ፣ ከነካም ትራክ ቼንጅስ (የተቀየረውን ለይቶ የሚያሳየውን) ከፍቶ ይንካ። ዋናውን ፋይል ለብቻው አስቀምጪ። አዲሱን በቀኑ ሰይሚው። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ መጨረሻ»፣ «አሁን የእውነት የመጨረሻ» እያልሽ ከሰየምሽ መጥፋትሽ ነው 😄

የድሮ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም ተጠቅመሽ ጽፈሽ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ዘመናዊ ኮምፒውተር ሁሉ ወደሚያነበው ወደ ዩኒኮድ ቀይሪው። አለበለዚያ እሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚታየው ዝብርቅርቅ ነው።

ኮሜንት ሲመጣልሽ ወዲያው አትመልሺ። ያናድዳል። እኔ አንብቤ እዘጋውና ወጥ እሰራለሁ። በነጋታው ስከፍተው ግማሹ ልክ ሆኖ አገኘዋለሁ። ያልተስማማሽበትን ደግሞ ለምን እንዳልተስማማሽ ጽፈሽ መልሺለት። ጥሩ አሰልጣኝ በዚህ አይቀየምም። ከተቀየመ አራት ወር አብረሽው አትቆዪም።

ጠበቃ ነኝ ባይ

ስለ መስረቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በ2007 ደግሞ በአዋጅ 872 ተሻሽሏል። መብትሽ የሚጀምረው ጽሑፉ ከተጻፈበት ጊዜ ነው። መመዝገብ ግዴታ አይደለም፣ ለማስረጃ ግን ይጠቅማል። ጥበቃው በዕድሜሽ ሙሉና ከሞት በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ሕጉ የማይጠብቀው ሐሳብን ነው። «ቤቷ የተወረሰባት እናት» የሚለውን ማንም ሊጽፈው ይችላል። አንቺ የጻፍሽበትን መንገድ ግን ማንም ሊወስደው አይችልም።

እውነቱን ለመናገር 280 ገጽ የሚሰርቅ አሰልጣኝ አልፈራም። የምፈራው ያለ ውል መስራትን ነው። አጭር ውል ጻፉ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ስንት ጊዜ እንደምትገናኙ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያነብልሽ፣ በስንት ቀን እንደሚመልስልሽ ይገለጽ። ክፍያው ከስራው ጋር ይሂድ። ሙሉውን ቀድመሽ አትክፈዪ፣ እሱም ሙሉውን በመጨረሻ ይቀበል አትበዪ። መሃል ላይ ብታቋርጡ ምን እንደሚሆንም ይጻፍ። እና ይቺን አትርሺ፦ የጽሑፉ መብት ሙሉ በሙሉ የደራሲዋ ነው፣ አሰልጣኙ ረቂቁን ለሦስተኛ ወገን አያሳይም። «አንድም ዓረፍተ ነገር አልጽፍልሽም» ማለቱ እዚህም ላይ ይጠቅምሻል። ያልጻፈውን «እኔም ደራሲ ነኝ» ሊል አይችልማ።

ቡናቁርስ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። @አራት ነጥብ ቧንቧ ያልከው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጓሮው ውስጥ አንድ ቧንቧ አለ ረቂቁ ላይ፣ ግን ማንም ቀድቶበት አያውቅም።

የልጁን ንግግር ሞከርኩት። ምን ይፈልጋል ብዬ ሳስብ መጽናናት አልታየኝም። ከተወረሱት አንዱ ባዶ ስለነበር ቀበሌ አሽጎታል። ልጁ ሁልጊዜ እዚያ ነበር የሚጫወተው። እንዲህ አደረግኩት፦

«እማዬ፣ ኳሴ እኮ እዛኛው ቤት ነው ያለው» አለ።

እናትየው ምን እንደምትመልስለት ገና አላወቅኩም።

የቀረኝ ጥያቄ ስለ ሁለቱ ምዕራፎች ነው። የአያትየው ታሪክ ነው። መሬቱን እንዴት እንዳገኘ፣ ከጣሊያን በኋላ ቤቱን እንዴት እንደሰራ። ብዙ ሽማግሌ ጠይቄ ነው የጻፍኩት። ማውጣት አንጀቴ አልቻለም።

አንጋፋው

ልጄ፣ እናትየው መልስ ባትሰጠውስ? ዝም ብላ ሽንኩርቷን ትክተፍ። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፣ አንቺ ታውቂያለሽ።

ስለ ምዕራፎቹ። የእኛ ሰው ታሪክ ሲጀምር ከዘር ማንዘር ነው። «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ» ሳይባል ሰው አይተዋወቅም። ስለዚህ ለምን ከአያት እንደጀመርሽ ይገባኛል። ግን አንባቢ ስለ አያትየው ቤት ግድ የሚሰጠው ቤቱ ሊወሰድ ሲል ነው። ከዚያ በፊት የሰው አጥር ነው።

አትጣይው። ሁለቱን ምዕራፎች አውጪና ለብቻቸው አስቀምጪ። ከዚያ ልብ ወለዱን ያለ እነሱ አንብቢ። ቦታው ራሱ ይመጣል። ለምሳሌ ሴትየዋ የቤቱን ካርታ ከሳጥን ስታወጣ አስቢ። ለቀበሌው ሰው ልታሳይ ነው። ወረቀቱ ላይ የአባቷ ስም አለ። እዚያ ላይ ከ40ው ገጽ አንድ ገጽ ተኩል ትፈልጊያለሽ፣ ያቺ ግን ሥር ትይዛለች። የቀረው ደግሞ ባይታተምም ያንቺ ነው። ሴትየዋ ለምን በሩን እንደምትሳሳለት የምታውቂው እሱን ስለጻፍሽ ነው።

ሽማግሌዎቹን ስትጠይቂ የቀረጽሽው ድምፅ ካለም አኑሪው። የልጁን ንግግር ያበላሸብሽ መጽሐፍ ማንበብ ሳይሆን አይቀርም። የሰው ንግግር ከሰው ጆሮ ነው የሚገኘው። አንዱን ሽማግሌ መልሰሽ ስሚና እንዴት ዓረፍተ ነገሩን እንደሚጀምር ብቻ ልብ በይ።

የመገናኛ ልጅ

እሺ፣ ስለ ኳሱ ተሸነፍኩ 😅 ጥያቄው ሰርቷል። ግን የምስጋናውን ገጽ እዪ ያልኩት እንዳለ ነው!

ቡናቁርስ

አየሁ። ሁለት መጽሐፍ ላይ አለ። አንዷን ደራሲ አግኝቻት «አንድ ገጸ ባሕርይ ሙሉ በሙሉ አስወጥቶኛል፣ ለሁለት ሳምንት አላናገርኩትም» አለችኝ። ሳቅኩ፣ ግን አመንኳት።

ሰውየው በአንድ ጊዜ የአራት ወር ውል ከመግባት ይልቅ በአንድ ምዕራፍ እንድንሞክር ተስማምቷል፣ በክፍያ። የትኛውን ምዕራፍ ልላክለት? አምስተኛው በጣም ያምረኛል።

አራት ነጥብ

አምስተኛውን አትላኪ። የሚያምርሽን ብትልኪ ሙገሳ ነው የምትጠብቂው፣ ሙገሳውን ደግሞ ጓደኞችሽ በነጻ ሰጥተውሻል። ገና ስትከፍቺው «ኋላ እመለስበታለሁ» እያልሽ የምታልፊው ምዕራፍ አለ አይደል? እሱን ላኪ። ከእሱ ጋር በግማሽ ገጽ ሦስት ነገር ጻፊለት፦ ምዕራፉ ላይ ምን እንዲሆን እንደፈለግሽ፣ የት ላይ እንደተሰናከልሽ፣ እና እንዲነካ የማትፈልጊው ነገር ካለ። ሲመልስልሽ በጽሑፍ ብቻ አይሁን፣ በስልክም ይሁን በአካል አንድ ሰዓት አውሩበት። ድምፅ መልእክት ብቻ የሚልክ ከሆነ ተጠንቀቂ፣ በኋላ የቱ ገጽ ላይ እንደነበር ፈልጎ ማግኘት ራስ ምታት ነው።

ቡናቁርስ

ዘጠነኛው ነው እንግዲህ። የቀበሌው ስብሰባ። ዛሬ ማታ እልከዋለሁ።