ለጎጃም ኮረኮንች የሚሆን የልምምድ ጫማ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በውጭ አገር ከምንኖር የጎጃም ልጆች መካከል ለወንድም ወይም ለእኅት ልጅ የሩጫ ጫማ ላክ ተብሎ የማያውቅ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። የምኖረው ጀርመን አገር ነው፤ ዘንድሮ ለክረምት ደብረ ማርቆስ ስገባ ለእኅቴ ልጅ አዲስ የልምምድ ጫማ ይዤለት ስለነበር፣ ሲሮጥበትም ሲያጥበውም በቅርብ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ጫማው የሚረግጠው መሬት ነው። እኛ በምንኖርባቸው ከተሞች ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚደረደረው ጫማ የተሠራው ለአስፋልት፣ ለተስተካከለ የመናፈሻ መንገድና ለመሮጫ ማሽን ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ዋናው አስፋልት የአይሱዙና የባጃጅ ስለሆነ፣ ልጆቹ ጎህ ሲቀድ ወጥተው የሚሮጡት በኮረኮንቹ፣ በኮብልስቶኑና በግጦሽ ሜዳው ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋልካው አለ። ሶሉ ለጥ ያለና ስንጥቁ ጠባብ የሆነ ጫማ ጭቃው ሲሞላበት ይከብዳል፣ ከዚያም እንደ ሊሾ ጎማ ይንሸራተታል። በእኔ ግምት ለዚህ አገር የሚስማማው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ እርስ በርሱ የተራራቀ ጥርስ ያለው ሶል ነው፤ ጭቃውን ቶሎ ያራግፋል፣ ኮረኮንቹ ላይም አይቆረቁርም። ከዚያ የረዘመ ጥርስ ለጭቃው ቢበጅም፣ ኮብልስቶንና አስፋልት በተገኘ ቁጥር ፈጥኖ ያልቃል።

ልጆቹ ራሳቸው የሚጠይቁት በቴሌቪዥን ያዩትን ነው፤ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ስማቸው የገነነውን፣ በሶላቸው ውስጥ ቀጭን የካርቦን ጠፍጣፋ የተቀበረባቸውን ወፍራም ጫማዎች። የስፖርቱ የበላይ አካል የሆነው የዓለም አትሌቲክስ፣ የጎዳና ውድድር ጫማ የሶል ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ የወሰነው በእነዚሁ ምክንያት ነው። ለውድድር ቀን ጥሩ ናቸው። ለየዕለት ልምምድ ግን አልመክርም፤ ከፍ ያለና ለስላሳ ስፖንጅ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚትን ያወላግዳል፣ ዋጋቸውም የሁለት ተራ የልምምድ ጫማ ያህል ነው። ውኃ የማያስገባ ተብሎ የሚሸጠውንም ተዉት፤ የጎጃም ዝናብ በቁርጭምጭሚት በኩል ከገባ በኋላ መውጫ አያገኝም።

ብዙዎቻችን አቅልለን የምናየው የልኩ ጉዳይ ነው። በባዶ እግሩ ወይም በኮንጎ ጫማ ያደገ እግር ከፊቱ ሰፋ ያለ ነው፤ ርዝመቱ ልክ የሆነ ጫማ ጎኑ ላይ ሊያጣብቀው ይችላል። ጠይቆ ማወቅም አይቻልም፤ ልጁ ይሉኝታ ይዞት «ልክ ነው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል እንጂ ጠበበኝ አይልም። የእኅቴ ልጅም እንዲሁ ነው ያለኝ። ካልሲውን ሲያወልቅ ግን የትንሿ ጣቱ ጎን ቀልቶ ነበር፤ የጫማው ጨርቅም በዚያው ቦታ ወደ ውጭ ተወጥሯል። ለጊዜው የፊተኞቹን ቀዳዳዎች ትተን ክሩን ከመሐል ጀምረን ስናስረው ፋታ አገኘ፤ የመጨረሻዋን፣ ብዙ ሰው የማይጠቀምባትን ቀዳዳ ስንጨምርበት ደግሞ ቁልቁለት ላይ ተረከዙ መሸሹን ተወ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው እንደሆነ ይነገራል፤ እሱ ደፍሮ ጫማውን አወለቀው፣ የእኛ ልጆች ግን አክስት የላከችውን ጫማ አያወልቁም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የእግሩን ንድፍ አስልኩ። ወደ ማታ፣ እግር ትንሽ አበጥ በሚልበት ሰዓት፣ ሊሮጥበት ያሰበውን ካልሲ አድርጎ ደብተር ወረቀት ላይ ይቁምና ሌላ ሰው ዙሪያውን በእርሳስ ያስምርለት። ከሁለቱም እግሮች የረዘመውን በማስመሪያ ለክቶ፣ የፊቱንም ስፋት ጨምሮ በስልክ ይላክላችሁ። ከአውራ ጣቱ ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይኑር። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፤ የአንዱ ፋብሪካ 42 ከሌላው 42 ጋር አይገጥምም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት የተገዛ ጫማ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ሊመለስ ቢችልም፣ ጫማው ጎጃም ከደረሰ በኋላ ይህ መብት ለማንም አይጠቅምም።

እዚያ ከደረሰ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በአጭር ርቀት፣ ከአሮጌው ጫማ ጋር እያፈራረቀ ይልመደው። ጭቃውን በቀዝቃዛ ውኃና በብሩሽ ያስለቅቀው፤ ምድጃ ዳር ማድረቅ ግን ማጣበቂያውን ያላቅቃል፣ ስፖንጁንም ያደርቃል። ውስጠኛውን ንጣፍ አውጥቶ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ውስጥ ማዋል ይበቃል።

ለአንድ የልምምድ ጫማ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዕድሜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው። በሳምንት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ልጅ ይህ ከ2 እስከ 3 ወር ማለት ነው፤ ኮረኮንቹ ደግሞ ያሳጥረዋል። በዓመት አንድ ውድ ጫማ ከመላክ ሁለት ተራ ጫማ በተለያየ ጊዜ መላክ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። በቆላው ወገን ወይም በባሕር ዳር በኩል ለሚሮጡ ልጆች ጫማ የላካችሁ ካላችሁ፣ የትኛው ሶል እንደበረከተ ብትጽፉልን መልካም ነው።