የአረጋውያን መርጃ ማዕከል ስንመርጥ ምኑን እንይ? (ባሕር ዳር / ደብረ ማርቆስ)

አባይ ማዶ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቀው ስለ አንዲት የ78 ዓመት እናት ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን አዝሎታል፤ ስኳርም ስላለባቸው ኢንሱሊን ይወጋሉ። ደግፈው ካስቀመጧቸው ይቀመጣሉ፣ ተኝተው ግን ያለ ሰው አይገላበጡም። ቤተሰቡ መርጃ ማዕከል ይግቡ በሚለው ተስማምቷል። ባሕር ዳር ሁለት፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ቦታ ታስቧል። ሦስቱም ጋ ግቢው ተጠርጓል፣ አንሶላው ነጭ ነው፣ አቀባበሉም መልካም ነው። በሁለት ሰዓት ጉብኝት እንክብካቤው ደኅና መሆን አለመሆኑን የሚለየው ምንድን ነው? ማንን ምን ብለን እንጠይቅ? ሥራውን የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩን።

ሲስተር ም.፦

አንሶላ ለእንግዳ ይቀየራል፤ ገላ አይቀየርም። ስለዚህ ከቤቱ ሁሉ በጣም የደከመው፣ ከአልጋ የማይነሳው ሰው ጋ ሂዱ። ገላቸውን ገልጦ ማየት የእንግዳ ፈንታ አይደለም፤ ነገር ግን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ሰላም ስትሏቸው ከንፈር፣ ጥፍር፣ ክርንና ተረከዝ ይታያል። የደረቀና የተሰነጠቀ ከንፈር፣ የረዘመና የቆሸሸ ጥፍር፣ በቀጥታ ፍራሽ ላይ ያረፈ ተረከዝ ካያችሁ ሌላው ገላቸውም በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ እንደሚሆን ገምቱ።

ከዚያ ነርሷን «ዛሬ የአልጋ ቁስል ያለባቸው ስንት ናቸው? ስንቱ ከቤታቸው ይዘውት መጡ፣ ስንቱ እዚህ ወጣባቸው?» በሏት። የሚከታተል ቤት ቁጥሩን ወዲያው ይናገራል። «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚል መልስ ብዙ የአልጋ ቁራኛ ባለበት ቤት ሲሰማ እኔን ያሳስበኛል፤ አንድም አይታይም፣ አንድም ይደበቃል።

ቁስሉ የሚወጣው አጥንትና ፍራሽ ሥጋውን መሃል አድርገው ሲጫኑት ደም ስለማይደርሰው ነው። ሽንትና ላብ ሲጨመርበት ይፈጥናል። የሚበረታባቸው ቦታዎች የጭራ አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርንና የትከሻ አጥንት ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ማስተማሪያ «ቆዳው ይቀላል» ይላል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ቦታው ከአጠገቡ ይልቅ ይጠቁራል ወይም ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ ሲነካ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፣ ይጠጥራል ወይም ይላላል፣ ያማል። ስለዚህ አስታማሚዋን «ቁስል ሊጀምር መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። በእጅ ዳስሳ ከአካባቢው ጋር እንደምታወዳድር ከነገረቻችሁ ሥራውን ታውቃለች።

መገላበጡ ቢበዛ በየ2 ሰዓቱ ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ በየሰዓቱ ክብደቱን ማዛወር አለበት። አልጋው ዘንድ የሰዓት ወረቀት ይኖራል፤ አንብቡት። ሙሉው ቀን በአንድ እጅ ጽሕፈትና በአንድ እስክሪብቶ ከተሞላ፣ ሰዓቱም ሁሉ ልክ 2፡00፣ 4፡00፣ 6፡00 ከሆነ ማታ ተቀምጦ የተጻፈ ነው። የእውነቱ ወረቀት 2፡10፣ 4፡25 እያለ ነው የሚሄድ፤ ፊርማውም ይለያያል።

የሌሊት ሠራተኛ ቁጥርንም ራሳችሁ አስሉት። ራሳቸው የማይገላበጡ 10 ሰዎች አሉ እንበል። ሁለት ሠራተኞች አንዱን ሰው ለማገላበጥ፣ ዳይፐር ለማየት፣ ለማድረቅና ትራስ ለማስተካከል 10 ደቂቃ ቢፈጅባቸው አሥሩ 100 ደቂቃ ነው። ዙሩ በየ120 ደቂቃው ስለሚመለስ ሁለቱ አዳሪዎች ሌሊቱን ሙሉ ለሌላ ሥራ የሚተርፋቸው በየዙሩ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ሰው ሽንት ቤት ሲሄድ ቢወድቅ ዙሩ ይዘለላል። ሁለት አዳሪ ይዞ «20 የአልጋ ቁራኛ በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጣለን» የሚል ቤት ካለ ሒሳቡ አይሞላም።

ደግ መስሎ የሚጎዳም አለ። የጠቆረውን ቦታ በቅቤ ወይም በቫዝሊን ማሸት ውስጥ የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይቀደዋል። መሃሉ ክፍት የሆነ የጎማ ቀለበት ላይ ማስቀመጥ በዙሪያው ያለውን ደም ያግዳል። ለተረከዝ ትክክለኛው ትራሱን ከባት ሥር አድርጎ ተረከዙን አየር ላይ መተው ነው።

እኒህ እናት ቀኝ ጎናቸው የዛለ ስለሆነ ሠራተኞቹ ሌላ ተመሳሳይ ሕመምተኛ ሲያነሱ ቆማችሁ ተመልከቱ። የዛለውን እጅ ጎትተው ወይም ብብት ሥር ይዘው የሚያነሱ ከሆነ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል።

ዳሞት፦

ሲስተር የቆዳውን ጨርሳዋለች። እኔ ስለ ምግቡ ልጨምር፤ በዝምታ የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና።

የምግብ ዝርዝር ለጥፈው ቢያሳዩአችሁ አትርኩ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ተገኙና ሳህኑ ሲመለስ እዩት። ሞልቶ የመጣ ሳህን ሞልቶ ከተመለሰና ማንም ካልመዘገበው ሰውየው በልቷል ተብሎ ይቆጠራል። አንድን ደካማ ሰው በእጅ ለማጉረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንዲት አስታማሚ በአንድ ጊዜ አምስት ሰው እየዞረች ታጎርስ ከሆነ በጥድፊያ ነው፤ በጥድፊያ የሚጎርስ የስትሮክ ሕመምተኛ ምግቡ ወደ ሳንባው ይሄድበታል። ሲበሉ ቀጥ ብለው መቀመጥ አለባቸው፣ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት አይተኙም። ጉርሻው በጤነኛው በግራ በኩል ይሁን፤ ሲጨርሱ ቀኝ ጉንጫቸው ውስጥ የቀረ ምግብ መኖሩ ይታይ። ውኃ ጠጥተው ድምፃቸው ከረጠበ (ጉሮሯቸው ውኃ ያዘለ ከመሰለ) ወይም ካሳላቸው ሐኪም መዋጣቸውን ይመርምር። ደረቅ እንጀራና ቆሎ ለእሳቸው አይሆንም፤ ሽሮ ፍትፍት፣ ገንፎ፣ ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላል።

ክብደት በየወሩ ይመዘናል? መዝገቡን አስከፍቱ። በአንድ ወር 5 ከመቶ፣ በስድስት ወር 10 ከመቶ መቀነስ አደጋ ነው፤ 50 ኪሎ ለነበረ ሰው በወር 2 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ሚዛን ላይ መቆም ለማይችል ሰው የባት ዙሪያ በሜትር ይለካል፤ ከ31 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጡንቻው እያለቀ ነው። በእሳቸው ግራ እግር ይለካ፤ የዛለው እግር ሊያብጥ ወይም ሊከሳ ስለሚችል ያሳስታል።

ውኃ በቀን ወደ 1 ሊትር ተኩል ያስፈልጋል፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሐኪም ካልከለከለ። ሽማግሌ ውኃ ቢጠማውም ብዙ ጊዜ አይሰማው። አንዳንድ ቦታ ዳይፐር እንዳይበዛ ብለው ማታ ውኃ ይነሣሉ፤ ይኼን በቀጥታ ጠይቁ። በአንድ ቀን ውስጥ ድንገት መዘባረቅ የጀመረ አዛውንት «አረጀ» አይባልም፤ መጀመሪያ ውኃ ማነስ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ስኳር መውረድ ነው የሚፈለግ።

የጾሙን ነገር አደራ። የእኛ አገር እናቶች ታመውም ጹሙ ሳይባሉ ይጾማሉ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብም አለ። ጠዋት ኢንሱሊን ተወግተው እስከ 9 ሰዓት እህል ካልቀመሱ ስኳራቸው ይወርዳል። «ስኳር ያለበት ሰው ልጹም ሲል ምን ታደርጋላችሁ?» በሉ። የሚያውቅ ቤት የንስሐ አባታቸውን ይጠራል፣ ለሕመምተኛ ጾም እንደሚፈታ እሳቸው ይነግሯቸዋል፤ እምቢ ካሉም ጾሙ ሳይገባ ሐኪም መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክላል። ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ከዘባረቁ ይለካ፤ ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። መዋጥ ካልቻሉ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወዲያው ሆስፒታል።

ፋርማሲስቱ፦

ስለ መድኃኒት ባጭሩ። የተቆለፈ ቁምሳጥን ይኑር፣ ለየሰዉ የተለየ ወረቀት ይኑር፣ የሚሰጠው ነርስ ይሁን። ኢንሱሊኑ ያለበትን ፍሪጅ አስከፍቱ፦ ውስጡ ቴርሞሜትር አለ? ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መሆን ያለበት። የተከፈተው ብልቃጥ ላይ የተከፈተበት ቀን ተጽፏል? ከ28 ቀን በኋላ ይጣላል፤ አንዴ በረዶ የሆነም ይጣላል። መብራት ሲጠፋ የት እንደሚያስቀምጡት ጠይቁ። ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው፤ በዩኒት የተከፋፈለ የራሱ መርፌ አለው። በተራ መርፌ በግምት የሚቀዳ ከሆነ እናቲቱን እዚያ አታስገቧቸው።

ከገቡ በኋላ ቀላሉ መቆጣጠሪያ ፍሬ መቁጠር ነው። በቀን አንድ የሚዋጥ 30 ፍሬ የግፊት መድኃኒት አስረክባችሁ በ10ኛው ቀን 20 ካልቀረ፣ 24 ከሆነ አራት ቀን ተዘሏል፣ 17 ከሆነ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ወይም ተደርቧል።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ክፍሉ ሁሉ ተኝቶ ካገኛችሁ የሚያስተኛ መድኃኒት (ዳያዜፓም፣ ፕሮሜታዚን ወይም ሃሎፔሪዶል) ለማን፣ በማን ትእዛዝ፣ እስከ መቼ እንደሚሰጥ ጠይቁ። እንዲህ ያለ መድኃኒት ለጸጥታ ሲባል ሲሰጥ ያደነዝዛል፣ ሲነሱ ይጥላል፣ ምግብ ወደ ሳንባ ያስኬዳል። የእጅ አንጓ ላይ የገመድ ወይም የነጠላ ምልክትም እዩ።

የጮቄ ልጅ፦

የቦታው አየርም ይለያል። ባሕር ዳር ወባ ስላለ አጎበሩ ፍራሽ ሥር የተጠቀጠቀ መሆኑን እዩ፤ ጣሪያ ላይ ታስሮ የተንጠለጠለ አጎበር ምንም አይሠራም። ማርቆስ ብርዱ ነው። ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ሞልቶ እግር ሥር ማድረግ ስኳር ላለበትና ለዛለ ጎን ክልክል ነው፤ ሳይሰማቸው ይቃጠላሉ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ይገድላል። ብርድ ልብስ ይደርቡ፣ ካልሲ ያልብሱ።

የነዋሪዎቹን የጣቶች መሃል እዩ። ሌሊት የሚብስ ማሳከክና ሽፍታ ካለ እከክ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ካልታከሙ፣ ልብስና አንሶላ አብሮ ካልታጠበ ይመላለሳል። ለሁለት ሳምንት የሳለ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ መላኩንም ጠይቁ።

አባይ ማዶ፦

እግዜር ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሳያስታውቁ መሄድ ነውር አይሆንም? ፈቃዳቸውስ ከየት ይጣራል?

ሲስተር ም.፦

ነውር የለውም፤ ሕመምተኛ ለመጠየቅ ማን ቀጠሮ ይይዛል? ዳቦ ወይም ብርቱካን ይዛችሁ ሂዱ። አንዴ በእራት ሰዓት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ፣ አንዴ እሑድ ከሰዓት፤ ሠራተኛ የሚሳሳው ያኔ ነው። መጥሪያ ሲደወል ወይም አንድ ሰው «ሽንቴ መጣ» ሲል ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በሰዓት ያዙ። ስማቸውን እየጠሩ፣ «እማማ»፣ «አባባ» እያሉ ነው የሚያነጋግሩ ወይስ በላያቸው ላይ እርስ በርስ እያወሩ? ዳይፐር ሲቀየር መጋረጃ ይጎተታል?

ለፈቃዱ የከተማው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጋ ጠይቁ፤ በጎ አድራጎት ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን፣ በክልሉ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በክልሉ መዝጋቢ አካል መመዝገቡን አጣሩ። ፈቃድ መኖሩ ግን ሌሊት መገላበጣቸውን አይነግራችሁም። የጤና መድን ካርዳቸው ሌላ ወረዳ የወጣ ከሆነ ከመግባታቸው በፊት በየት ጤና ጣቢያ እንደሚታከሙና ሪፈር ማን እንደሚጽፍ ጨርሱ፤ ሌሊት ሆስፒታል (ባሕር ዳር ከሆነ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን) ለመውሰድ መኪናው የማን እንደሆነም ይታወቅ።

የሚገቡ ዕለት ከነርሷ ጋር ሆናችሁ ከራስ ቅል እስከ ተረከዝ ቆዳቸውን እዩ። ያለውን ጠባሳና ቁስል በሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ከነቀኑ ጻፉ፤ ክብደት፣ የግራ ባት ዙሪያ፣ የመድኃኒት ፍሬ ቁጥርም አብሮ ይጻፍ። ሁለታችሁም ፈርማችሁበት አንዱ ቅጂ እናንተ ጋ ይቅር። በ14ኛው ቀን ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና እንደገና ለኩ።