ለሞተው ወንድሜ ጥቅስ ብነቀስ ዘሌዋውያን ይከለክለኛል?

ታናሽ እህቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ታቱ ነው። "ደግሞ ይሄ ጥያቄ መጣ!" እንዳትሉኝ። የተባለውን ሁሉ አንብቤ ነው የመጣሁት፤ የኔን ጉዳይ ግን ማንም አልነካልኝም።

ታላቅ ወንድሜ ካረፈ ዘጠኝ ወሩ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሮሜ 8፥38ን በየቀኑ ያስነብበኝ ነበር። መጨረሻ አካባቢ ዓይኑ ሲደክም መጽሐፉን ትተን በቃላችን መባባል ጀመርን። እኔ "ሞት ቢሆን" እላለሁ፣ እሱ "ሕይወትም ቢሆን" ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቅደም ተከተል ሁለታችንም አናውቀውም። "መላእክት... ግዛት... ሌላም ሌላም" ብሎ ይስቅ ነበር። አሁን ይህን ጥቅስ በግራ ክንዴ ውስጠኛ በኩል መነቀስ ፈልጌአለሁ። "ሮሜ 8፥38" ብቻ፣ ከሥሩ ደግሞ ያረፈበት ቀን።

ታቱ ችግር የለውም የሚሉ ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው። ዘሌዋውያን 19፥28 የሚከለክለው አሕዛብ ለሞተ ሰው ሲያዝኑ የሚያደርጉትን ነው፤ ስለዚህ ለሞተ ሰው ካልሆነ ግድ የለም። እሺ፣ የኔው ግን ለሞተ ሰው ነው! ሌላው ሰው በዚያ በር ሹልክ ብሎ ሲወጣ እኔ ላይ ተዘጋብኝ።

እናቴ ገና አሁን ነው ቀና ያለችው። ሐሳቤን ስነግራት "አንዱን ቀበርኩ፤ አንቺ ደግሞ ቆዳሽን ልትበሺልኝ ነው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላነሳሁባትም። ሥራዬ ነርስነት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እጅጌዬን ሰብስቤ ነው የምውለው፤ ስለዚህ ተደብቆ የሚቀር ነገር አይደለም።

ኃጢአት ነው? ጥቅሱ ብቻ ቢሆንስ? ቀኑስ ነገሩን ይለውጠዋል? "ጸልዪበት" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ። ጸልዬበታለሁ።

የድሮ ሰው፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ አልደግፈውም፤ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ሰውነታችን የራሳችን አይደለም፤ በዋጋ የተገዛን ነን፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19 እና 20ን አንብቢ። ደግሞም ዘጠኝ ወር ምን አላት? ሐዘን እጅን ያስቸኩላል። እኔ ሚስቴን ያጣሁ ጊዜ በሦስተኛው ወር ቤቱን ልሸጥ ተነሥቼ ነበር። ልጆቼ ባይይዙኝ ዛሬ እቆጭ ነበር። ቤት እንኳ መልሶ ይገዛል፤ ይሄ ግን ቆዳ ነው።

እናትሽን ስሚያት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ለእሷ ስትይ።

ጥያቄ አብዢ፦

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰው ሁሉ ዘሎት የሚያልፈውን ቦታ ነው የያዝሽው።

ጥቅሱ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው "ለሞተ ሰው ብላችሁ ሥጋችሁን አትቁረጡ" የሚል ነው። ሁለተኛው ገላን መነቀስን ይከለክላል። "ለሞተ" የሚለው ቃል ያለው በመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። ሁለተኛውንም ይገዛዋል ወይስ አይገዛውም የሚለው ያከራክራል። ንቅሳት ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል "ቃዕቃዕ" በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው እዚህ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የምናስተያይበት ሌላ ጥቅስ የለንም። ስለዚህ "ለሞተ ሰው ካልሆነ ይቻላል" የሚሉት ሰዎች ራሳቸው ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ሆነዋል። በሩ የተዘጋው አንቺ ላይ ብቻ አይደለም፤ ለእነሱም ወለል ብሎ አልተከፈተም።

በሌላ በኩል በዚህ አንድ ጥቅስ "ኃጢአት ነው" ብሎ የሚፈርድ ሰው ከሱ በላይ ያለውን ቁጥር 27ን ይመልከት። ጢማችሁን ዙሪያውን አትላጩ ይላል። ቁጥር 19 ደግሞ ከሁለት ዓይነት ክር የተሠራ ልብስ ይከለክላል። ጢሙን ተላጭቶ፣ ጥጥና ፖሊስተር ለብሶ "አትነቀሱ" የሚል ወንድም ሳይ ፈገግ እላለሁ። ክርስቲያን በኦሪት ሥርዓት እንደማይዳኝ ካመንን ለሁሉም እኩል እንመን።

ግን ሕጉ ለምን ተሰጠ ብለን መጠየቅ አለብን። ዘዳግም 14፥1 ይረዳናል። የአምላካችሁ የእግዚአብሔር ልጆች ናችሁ፤ ስለ ሞተ ሰው ገላችሁን አትቁረጡ ይላል። ነገሩ ያለው ማንነት ላይ ነው። የማን እንደሆንሽ ከታወቀ፣ ሞት በገላሽ ላይ ማኅተሙን አያትምም። የኔ ጥያቄ ታዲያ ይሄ ነው፦ ክንድሽ ላይ የሚጻፈው ነገር የማን ማኅተም ነው? ሮሜ 8፥38 ሞት አይለየንም የሚል ቃል ነው። ከሥሩ የሚሆነው ቀን ግን ሞት የመጣበት ቀን ነው። ሁለቱ አንድ ክንድ ላይ እርስ በርሳቸው የሚከራከሩ ይመስለኛል።

የድሮ ሰው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 6 የሚናገረው ስለ ዝሙት ነው። ወደ ታቱ ሊሳብ ይችላል፤ ግን ተስቦ ነው። የታቱ ደጋፊዎችም ደስ አይበላቸው፤ እነሱም ይስባሉ። ገላትያ 6፥17 ላይ ጳውሎስ የኢየሱስን ማኅተም በሥጋዬ እሸከማለሁ ያለው ስለ ግርፋቱ ጠባሳ እንጂ ስለ ቀለም አይደለም። ራእይ 19፥16ንም የጌታ ታቱ የሚያደርጉት አሉ፤ እሱ ራእይ ነው፣ ተዉት። የሚጠጋው ኢሳይያስ 44፥5 ነው፤ አንዱ በእጁ ላይ የእግዚአብሔር ነኝ ብሎ ይጽፋል። በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነበረው የጋዛው ፕሮኮፒዮስ ይህን ሲተረጉም፣ ብዙ ክርስቲያኖች በእጃቸው ላይ መስቀል ወይም የክርስቶስን ስም ይነቀሱ እንደነበር ጽፏል። በ787 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ምድር በኖርተምብሪያ የተሰበሰበ ጉባኤም የአረማውያንን ንቅሳት ሲያወግዝ፣ ስለ እግዚአብሔር ተብሎ የሚደረገው ግን ዋጋ አለው ብሏል። ፖፕ ፍራንሲስም በ2018 ወጣቶች በተሰበሰቡበት "ታቱ አትፍሩ" ብለው፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል የሚነቀሱትን የኤርትራ ክርስቲያኖች በምሳሌነት ጠቅሰው ነበር። ማጋነኑን ግን አልደገፉትም።

ያው ረዘመ። ስሜም ጥያቄ አብዢ ነው፤ ታገሡኝ።

ቀኝ አንጓ፦

እኔ የተነቀስኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ከልምድ ላውራ።

ሁለት አለኝ፤ አንዱ ደስታዬ፣ አንዱ ጸጸቴ። የመጀመሪያው የእጄ አንጓ ላይ ያለች ትንሽ መስቀል ናት። ኢየሩሳሌም ለመሳለም ሄጄ ያሠራኋት ናት። በአሮጌዋ ከተማ፣ ያፋ በር አጠገብ ራዙክ የሚባል ቤተሰብ አለ። ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ናቸው፤ ሥራውን 700 ዓመት እንደያዙት ይናገራሉ። ከወይራ እንጨት የተቀረጹ የቆዩ ማኅተሞች አሏቸው። ማኅተሙ ቆዳ ላይ ይታተምና መርፌው መስመሩን ይከተላል። በኋላ ኤድዋርድ 7ኛ የሆነው የእንግሊዝ ልዑልም በ1862 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ የኢየሩሳሌምን መስቀል ተነቅሷል። የንጉሥ ልጅ ካደረገው እኔ ማን ነኝ?

ለግብፅ ኮፕቶች ግን ጌጥ አይደለም። ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው ቀኝ አንጓቸው ላይ ይነቀሳሉ። "ክርስቲያን ነኝ" የሚል፣ ሊወልቅ የማይችል መታወቂያ ነው። በኦቶማን ዘመን የቦስኒያ ካቶሊክ ሴቶችም ሃይማኖታቸው እንዳይነጠቅ እጃቸውን መስቀል ይነቀሱ ነበር። ይህን ሳስብ የኔዋ መስቀል ታሳፍረኛለች፤ ምንም አላስከፈለችኝምና። አንዳንዴ መኪና እየነዳሁ ሰው መንገድ ሲዘጋብኝ እጄን አውጥቼ ልራገም እልና መስቀሏን አይቼ እመልሳለሁ። አንዳንዴ ደግሞ በግራ እጄ እራገማለሁ። እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ ይሄው ነው።

ሁለተኛው ዕብራይስጥ ነው፤ የእግዚአብሔር ስም፣ አራቱ ፊደላት። ነቃሹም እኔም ቋንቋውን አናውቅም። ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበውን ከግራ ወደ ቀኝ ደረደረልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ትርጉም የሌለው ነገር ይዤ በኩራት ዞርኩ። አሁን በሌዘር እያስጠፋሁ ነው። ሲሠራ አንድ ቀን፣ ሲጠፋ ስድስት ቀጠሮ፣ እሱም ገና አላለቀም። ከመነቀሱ ይልቅ ማጥፋቱ ያማል።

እህቴ፣ የምትነቀሺው በምታነቢው ፊደል ይሁን። ነርስ ስለሆንሽ ቁስል እንዴት እንደሚያዝ ላንቺ አልነግርሽም። ግን እጅሽን በቀን አርባ ጊዜ ስለምትታጠቢ፣ እስኪሽር ድረስ ከሥራ ዕረፍት ወስደሽ አድርጊው።

ታናሽ እህቱ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ የድሮ ሰው፣ የቤቱን ነገር ሲነግሩኝ አለቀስኩ። ሌላ ነገር ቢሉኝ እከራከርዎት ነበር፤ እሱን ግን ምን ብዬ?

ጥያቄ አብዢ፣ ስለ ቀኑ ያልከው ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ግን አሰብኩት። እሱ ያንን ቀን አልወደደውም። ጥቅሱን ነው የወደደው። ቀኑን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ለምን እንደጨመርኩትም ገባኝ። የምረሳው መስሎኝ ነው። ቀኑን አውጥቼዋለሁ።

ትናንት ማታ ለእናቴ ሁሉንም አነበብኩላት። የዕብራይስጡ ታሪክ ጋ ስደርስ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ከዚያ "ጥቅሱ የቱ ነው?" አለችኝ። "ሞት ቢሆን" አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ "ሕይወትም ቢሆን" አለች። ፈቅዳልኛለች ማለት አይደለም። "ሙት ዓመቱ ይውጣ፣ ያኔ እንነጋገራለን" ነው ያለችው። ሦስት ወር ነው የቀረው፤ እጠብቃለሁ።

ቀኝ አንጓ፣ እስከዚያው አንድ ጥያቄ። ፊደሉን ደቃቅ አድርጌ፣ ከአንድ ሳንቲሜትር ያነሰ ባሠራው ያምራል ብዬ ነበር። ምን ትላለህ?

ቀኝ አንጓ፦

ተይ! ቀለም ቆዳ ውስጥ በዓመታት ቀስ እያለ ይሰፋል። ያንቺ ጥቅስ ደግሞ ሁለት 8 አለበት። በደቃቁ ካሠራሽው የ8ቱ ቀዳዳዎች ይደፈኑና ሁለት ጥቁር ነጥብ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። አራቱም ቀዳዳ ተደፍኖ የሚነበበው "ሮሜ" ብቻ ሲሆን ሰው ጣሊያን ሄደሽ የመጣሽ ይመስለዋል። ተለቅ አድርገሽ አሠሪው።