የውሃ ወፍጮ ቅርስ ይባላል ወይስ አይባልም? የሚያውቅ ይርዳኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። ወንዛችን ዳር አንድ አሮጌ የውሃ ወፍጮ አለ። ቦዩ ግማሹ በአፈር ተደፍኗል፣ መዘውሩም ዝጓል። ድንጋዮቹ ግን እንደተደራረቡ ናቸው። የላይኛውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ወቃሪው ያወጣለት ጥርስ እስካሁን ይሻክራል። አያቴ እህል በአህያ ጭና መጥታ እዚህ ወረፋ ስትጠብቅ ታድር ነበር።

አሁን ብረቱ ለቁራሌው፣ ቦታው ለመጋዘን ሊሆን ነው። አንድ ቢሮ ሄጄ ነገርኳቸው። «ቅርስ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ነው፤ ወፍጮ ደግሞ ምኑ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ሻይ ግን ጋብዘውኛል፣ አልዋሽም።

አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አነበብኩት። ቅርስን የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት አድርጎ ነው የሚተረጉመው። ታዲያ ወፍጮ ይህ ካልሆነ ምንድን ነው? አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርስን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባል። የእኛው ክልላዊ ቢባል በቂዬ ነው።

የጨነቀኝ እዚህ ጋ ነው። ማመልከቻው በወረዳ በኩል ይሂድ ወይስ በቀጥታ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን? ቦታው የግለሰብ ይዞታ ነው፤ ባለቤቱ ካልፈረመ ምዝገባው ይቀራል? እስኪመዘገብስ ማፍረሱን የሚያስቆም ደብዳቤ ከማን ይገኛል?

በሜትር ለክቼዋለሁ፣ ፎቶም አንስቻለሁ። የድንጋዩን ውፍረትና የቦዩን ርዝመት ደብተር ላይ ጽፌያለሁ። ሌላ ምን ልመዝግብ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ ቁራሌው ቅዳሜ ይመጣል።