ከአያቴ ጎታ የተወሰደው ገብስ አሁን የማን ነው?

የመሐል ሜዳው
ሰላም ለዚህ ቤት። ለፋሲካ መንዝ ገብቼ አባዬ ጎታውን ከፍቶ ቢያሳየኝ ያለው ሁሉ የቢራ ገብስ ነው። "ማገውስ?" አልኩት። ማገ ማለት የእኛ አገር ገብስ ነው። አንድ ዓመት ውርጭ መታው፣ የተረፈችውን በላናት፣ አለቀ። ጎረቤት ዘር ልበደር ቢል እነሱም የቢራውን ነው የዘሩት። እናቴማ የዘንድሮ በሶ በሶ አይደለም ብላ አኩርፋለች።

ታዲያ አባዬ አንድ ነገር ትዝ አለው። በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር የመጡ ሰዎች ከአያቴ ጎታ በጣሳ ሰፍረው በከረጢት ወስደዋል። ያ ዘር ዛሬ ይኖር ይሆን? ፈረንጅ ሲጠይቅ ይሰጠዋል ይባላል። እኔ ብጠይቅስ?

ዘር ለቃሚ
ወንድሜ፣ የአገራችን ዘር ተሰብስቦ የሚጠበቅበት ጂን ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመ ነው። የአያትህ ገብስ እዚያ ገብቶ ከሆነ ተስፋ አለው።

የማን ነው ላልከው፣ ድሮ ዘር የሰው ልጅ ሁሉ ቅርስ ነው እየተባለ ማንም ያፍስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ላይ የወጣው የብዝሃ ሕይወት ስምምነት ግን የየአገሩ ሀብት ነው አለ። ገብስን ደግሞ ሌላም ውል ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው የዕፅዋት ዘር ስምምነት 64 ሰብሎችን በጋራ ማዕድ አቅርቧል፣ ገብስ አንዱ ነው። አባል አገር ለምርምርና ለማዳቀል ሲጠይቅ በመደበኛ ውል ይወስዳል። አትርፎበት ለሌላው ተመራማሪ ከዘጋው ለጋራ ፈንድ ይከፍላል። ጤፍ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም።

ጠባሴ
"ይከፍላል" አልክ? የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ ያዳነው ጂን ከእኛ ገብስ የተገኘ ነው። በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሰብል ተርፎበታል። ለየትኛው ገበሬ ስሙኒ ደረሰ? ጤፍንም ሆላንድ ውስጥ ፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ማለት ነው፣ አውጥተውባት ነበር እኮ!

ዘር ለቃሚ
የካሊፎርኒያው ከስምምነቶቹ በፊት ነው፣ የቆጨንም ለዚያ ነው። የጤፉን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ሽሮታል። እውነቱን ለመናገር የሻረው አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ እንጂ ለእኛ አዝኖ አይደለም።

ወደ ማገው ልመለስ። ዘር መመለስ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ የጂን ባንኩ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው በካናዳ ድጋፍ የአገር ዘር ለወሎና ለሸዋ ገበሬዎች አድርሰዋል። ስለ ዘርና መሰል ሀብት አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998ም የገበሬውን የመጠቀም መብት ይጠቅሳል። ግን ጆንያ ይዘህ እንዳትሄድ፣ ብታገኝ ጭብጥ ነው። በግብርና ባለሙያው በኩል ቀበሌውንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፈህ ጠይቅ። የዛሬውን ወረዳ ብቻ አትጻፍ፣ ያኔ መንዝና ግሼ አውራጃ ስለነበር እሱንም ጨምር።

የመሐል ሜዳው
ለአባዬ ደወልኩለት። "ጭብጥ ከሰጡኝ ጓሮ እዘራታለሁ፣ በሦስተኛው ዓመት ቁና ትሞላለች" አለኝ። ዓመተ ምሕረቱ ጠፍቶበታል። የሚያስታውሰው ሰዎቹ የመጡት ታላቅ እህቴ ክርስትና በተነሣች ሳምንት መሆኑን ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን አትናገርም።