ጀልባዬ አፍንጫዋን ሰቅላ አልነሳም አለች

የተክልዬ ልጅ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ያስቃል፤ ሐይቅ በሌለበት ከተማ ቁጭ ብዬ ስለ ጀልባ ነው የምጠይቀው። ተክለሃይማኖት ግቢያችን ውስጥ ተጎታች ላይ የተቀመጠች 4 ሜትር ከ30 የሆነች የፋይበር ግላስ ጀልባ አለችኝ። ጎረቤቶቼ የኖኅ መርከብ ይሏታል። ሞተሯ 25 ፈረስ ጉልበት ነው፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ቱ ስትሮክ።

የገዛኋት አምና ግንቦት ላይ ነው። ያኔ ላንጋኖ ወስጃት አራት ሆነን ስንወጣ ትንሽ ታንገራግርና ብድግ ብላ ውሃው ላይ መንሸራተት ትጀምር ነበር። ክረምቱን ግቢ ውስጥ ከረመች። ጥቅምት ላይ ስወስዳት ግን ሌላ ጀልባ ሆናለች። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስሰጣት አፍንጫዋን ሽቅብ ትሰቅላለች፣ እኔ ከኋላ ሆኜ የማየው ደመናና የባለቤቴን ጀርባ ብቻ ነው፣ ከኋላችን ኮረብታ የሚያህል ማዕበል እየጎተትን በጋሪ ፍጥነት እንሄዳለን። ሞተሩ አይጮህም፣ ያቃስታል። ሁለት ሆነን ስንሞክር ከብዙ ልመና በኋላ ተነሳች። አራት ስንሆን ጭራሽ።

አንድ መካኒክ ሞተሩን ውሃ የተሞላ በርሜል ውስጥ አስነስቶ ሰማውና "ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ አቅም አንሶህ ነው፣ 40 ግዛ" አለኝ። ጀልባዋ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ደግሞ ከ30 ፈረስ ጉልበት በላይ ሞተር አትግጠሙ ይላል። የ40ን ዋጋ ስሰማ እኔም ማቃሰት ጀመርኩ። ምን ትላላችሁ?

ሳቂታው፦
አራተኛውን ሰውዬ አውርደው። ካልሆነ ቢራውን። ስንት ካሳ ነው ግን የምትጭኑት?

ካንዴላ፦
ወንድሜ 40ውን ለጊዜው እርሳው። በርሜል ውስጥ ሞተር ሰምቶ ጤነኛ ነው ማለት መኪናን ክሪክ ላይ ሰቅሎ ጎማው ስለዞረ ብቻ ዳገት ይወጣል ብሎ እንደመመስከር ነው። ሸክም የለበትማ!

መጀመሪያ ድምፁን ለይ። ሞተሩ በጣም እየጮኸ ጀልባዋ የማትሄድ ከሆነ ፕሮፔለሩ፣ ማለት ውሃ ውስጥ እየዞረ የሚገፋት ማራገቢያ፣ ውሃውን አልያዘውም። ወይ ሞተሩ ከፍ ብሎ ታስሮ አየር እየሳበ ነው፣ ወይ ፕሮፔለሩ መሃል ያለው ጎማ ተላቆ ውስጡ ብቻ እየዞረ ነው። ጎማውን ለማወቅ ከመሃል እስከ ውጪ አንድ መስመር በቀለም አስምርና ነድተህ ተመለስ። መስመሩ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች ከተራራቁ ጎማው አልቋል። ያንተ ግን ያቃስታል አልክ። ስለዚህ ወይ ጉልበት አንሶታል፣ ወይ ሸክም በዝቶበታል።

ካንዴላዎቹን ፍታና ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ሁለቱም ቡናማ ከሆኑ ደህና። አንዱ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በአንድ ሲሊንደር ነው ስትሄድ የከረምከው። ኮምፕሬሽንም (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) አስለካ፣ የሁለቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ አለበት። የነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ደግሞ ስትነዳ ክፈታት። እሷን ዘግቶ ሞተር የሚያማ ስንት ሰው አይቻለሁ መሰለህ። እየሄድክ ነዳጅ መግፊያዋ የጎማ ኳስ ጭምድድ ካለች ነዳጅ እየደረሰው አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። መካኒኩ በርሜሉ ላይ እያለ ካርቡራተሩን ነክቶታል? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፣ ላንጋኖ 1,585 አካባቢ ነው። እዚህ በስሱ አየር ነዳጁን ቀንሰህ ያስተካከልከው ሞተር እዚያ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበትና ነዳጅ ያንሰዋል። ቱ ስትሮክ ነዳጅ ሲያንሰው ዘይትም አነሰው ማለት ነው። ይግላል፣ ከዚያ ፒስቶኑ ይነክሳል፣ ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። የላንጋኖ ሞተር ላንጋኖ ላይ ነው የሚስተካከለው።

የተክልዬ ልጅ፦
ካርቡራተሩን አልነካውም፣ ተመስገን። ካንዴላዎቹን አሁን ፈትቼ አየኋቸው፣ ሁለቱም ጠቆር ያለ ቡናማ ናቸው፣ አንድ ዓይነት። መስመሩን አስምሬያለሁ።

ቆሮሶ፦
ሐይቅ ዳር ሰው ሳመላልስ ስለኖርኩ ልጨምር። ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። ላንጋኖ ላይ ስታሰላው 16 በመቶ ገደማ ይመጣል። 25 ብለህ የገዛኸው 21 ሆኖ ነው እዚያ የሚጠብቅህ፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጀልባህ ድሮም አፋፍ ላይ ነበረች።

ፕሮፔለሩ ላይ ሁለት ቁጥር ተቀርጾ ታገኛለህ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፣ ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን እንጨት ውስጥ እየገባ ቢሆን ኖሮ በአንድ ዙር ስንት ኢንች ይራመድ ነበር ማለት ነው። የአንተ 13 ከሆነ በሦስተኛ ማርሽ እንጦጦን እየወጣህ ነው። 11 ፈልግለት። አንድ ኢንች ስትቀንስ ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ያገኛል። ከፍተኛ ፍጥነቷ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን የማትነሳ ጀልባ ከፍተኛ ፍጥነት ምን ያደርግልሃል? ካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም የዙር መቁጠሪያ ግን ይኑርህ፣ ባዶዋን ስትነዳት መመሪያው ከፈቀደው ዙር እንዳታልፍ።

የሸክሙ አቀማመጥም አለ። ባትሪውም፣ ታንኩም፣ አንተም ኋላ ከሆናችሁ ጅራቷ ይቀበራል። ታንኩንና ባትሪውን ወደ መሃል አምጣቸው። ስትነሳ ሁለት ሰው ወደ ፊት ይጠጋ፣ ከተነሳች በኋላ ይመለሳሉ። የሞተሩን ዘንበል የምትወስነዋን ፒን ደግሞ ሞተሩ ወደ ጀልባዋ እንዲጠጋ አድርገህ ሰካት። ረጅም ጣውላ ጀልባዋ ሆድ ላይ ለጥፈህ ወደ ሞተሩ ዘርጋው፣ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ብረት ከጣውላው እኩል ወይም እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላ መገኘት አለባት።

ጋሽ በርሜል፦
ልጄ፣ ሁሉም ያሉህ ልክ ነው። ግን አንተው የነገርከንን ማንም ልብ አላለውም። ግንቦት ላይ አራት ሆናችሁ ትነሳ ነበር። ፕሮፔለሩ ያው፣ ሞተሩ ያው፣ ሐይቁም ያው። መሃል ላይ የገባው ክረምቱ ብቻ ነው። ክረምቱን በምን ሸፍነሃት ከረመች?

የተክልዬ ልጅ፦
ጋሼ፣ በሸራ ነበር። ሐምሌ ላይ የሰፈር ልጆች ውስጧ ሲጫወቱ ተቀደደ። ውሃ ሲጠራቀም ግን በባልዲ እየቀዳሁ አወጣ ነበር፣ እርስዎ ከሚያስቡት በላይ ተንከባክቤያታለሁ።

ጋሽ በርሜል፦
የቀዳኸው የላዩን ነው። የረገጥከው ወለል ሥር ሌላ ባዶ ቦታ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንድትንሳፈፍ ተብሎ ፎም ይሞሉበታል። የተጎታቹ አፍንጫ ወደ ፊት ካዘነበለ ደግሞ ውሃው ወደ ኋላ መጥቶ በማፍሰሻው አይወጣም፣ እዚያው ተኝቶ ይከርማል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 100 ሊትር ከገባ አንድ የማይታይ ወፍራም እንግዳ ተሳፍሯል። ፊቷን በክሪክ በደንብ አንሣና ከኋላ ያለውን የማፍሰሻ ቡሽ ክፈተው። ገንዘብ አታውጣ፣ መጀመሪያ ይህን አድርግ።

የተክልዬ ልጅ፦
ጋሼ እጅዎ ይባረክ! ቅዳሜ ጠዋት አፍንጫዋን ሦስት ብሎኬት ያህል አነሳሁና ቡሹን ፈታሁት። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። በሽቦ ስቆረቁረው የጭቃ ጓል ወጣና ከኋላው የሻይ ቀለም ያለው፣ የበሰበሰ ቅጠል የሚሸት ውሃ መውረድ ጀመረ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቆርጬ ሥሩ አስቀመጥኩ። አራት ጊዜ ሞላ። አምስተኛው እስከ ማታ ግማሽ ሆነ፣ እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ አሁንም ጠብ ጠብ ይላል። የጎረቤታችን ሴትዮ አሻግረው አይተው "ኖኅ እንኳ ውሃውን ከውጪ ነበር የፈራው" አሉኝ።

ሳቂታው፦
90 ሊትር! እኔ ደግሞ ቢራውን በከንቱ አማሁት።

የተክልዬ ልጅ፦
ላንጋኖ ደርሰን ተመለስን። የመስመሩ ምልክት አልተንቀሳቀሰም፣ ስለዚህ ጎማው ደህና ነው። ታንኩንና ባትሪውን መሃል አደረግኩ። ሦስት ሆነን ያለ ልመና ተነሳች፣ አፍንጫዋ ወረደና ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የማዶውን ዳር ከፊቴ አየሁት። አራት ሆነን ከነበረዶ ሳጥኑ ስንሞክር ግን አንዴ ልትነሳ ትልና ተመልሳ ትቀመጣለች። ቆሮሶ፣ እንዳልከው ፕሮፔለሩ ላይ 13 ይላል። ሶማሌ ተራ ወርጄ ብጠይቅ የራዲያተር ቬንትሌተር አወጡልኝ፣ ስለዚህ ከውጭ ለሚመጣ ሰው አዝዣለሁ። ጋሼ፣ ውሃው ሁሉ ወጥቷል ማለት ይቻላል?

ጋሽ በርሜል፦
አይቻልም። ፈሳሹ ወጣ እንጂ ፎሙ የጠጣው እዚያው ነው፣ እሱ በማፍሰሻ አይወርድም። ወለሉ ላይ ከኋላ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል ክዳን ክፈትና ፎሙን በጣትህ ጫነው። ውሃ ካነባ ቆርጠህ ማውጣት ነው፣ ሌላ መላ የለውም። እርጥብ ፎም በፀሐይ ይደርቃል ብለህ አትድከም። ስታወጣው ግን ባዶውን አትተወው፣ ብትገለበጥ የሚያንሳፍፋት እሱ ነውና ውሃ በማይጠጣ ፎም ተካው። ይህን ከሰኔ በፊት ጨርስ። እስከዚያ አፍንጫዋን እንደሰቀልክ፣ ቡሹን እንደከፈትክ አቆያት። ላንጋኖ ስትደርስ ታዲያ ቡሹን መግጠም እንዳትረሳ።